ሩዝም በቆሎም

ወኒንግ ሆላንድ አገር ስድስት ዓመት የተማረችው የሰውን ዝንባሌ በቁጥር መለካት ነው። ስለዚህ አባቷ ፓክ ዳርሶ ለመንደሩ ሹመት ልወዳደር ወይስ ይቅርብኝ እያሉ ሲያመነቱ፣ መጠይቋን ይዛ የሰፈሩን በር ሁሉ አንኳኳች። አባቴን ትመርጣላችሁ ወይ ስትል ከዘጠና አንድ ቤት ሰማንያ ሦስቱ «ኢንጊህ» አላት። በጃቫ ትሕትና ኢንጊህ እሺም ነው፣ አዎም ነው። እሷ «አዎ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች።

«ከመቶው ዘጠና አንዱ የእርስዎ ነው፣ አባዬ» አለቻቸው።

«በስተርጅና የሰው መሳቂያ እንዳታደርጊኝ ብቻ።»

«ቁጥር አይዋሽም።»

እሷን አምነው ተመዘገቡ።

በምርጫው ቀን፣ እንደ ልማዱ፣ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች መድረክ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ለፓክ ዳርሶ ከበላያቸው የበቆሎ እሸት፣ ለሚስታቸው የአጎት ልጅ ለፓክ ሳርጂማን ደግሞ የሩዝ ነዶ ተሰቅሎላቸው። ሰው ጎረፈ። አንካሳው በምርኩዝ፣ በሽተኛው በሸክም መጣ። ሁሉም ለሁለቱም እጅ እየነሳ ወደ መጋረጃው ገባ፤ ወረቀቱ ላይ ከተሳሉት ከበቆሎውና ከሩዙ የመረጠውን በምስማር ወግቶ፣ ትንሿን ጣቱን ሐምራዊ ቀለም ውስጥ ነክሮ ወጣ። ከተመዘገበው ሰው ያልመጣው አምስት ብቻ ነበር። ወኒንግ ደስ አላት።

ቆጣሪው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳ ይጮህ ጀመር።

«በቆሎ! ሩዝ! ሩዝ! ... ሁለቱም!»

ሕዝቡ ሳቀ። «ሁለቱም» ግን እየደጋገመ መጣ። ወረቀቱ መሃል ለመሃል የታጠፈ ነው፤ ሳይዘረጉ በምስማሩ ከወጉት ቀዳዳው ከበቆሎው አልፎ ሩዙንም ይበሳል። እንዲህ ያለው ድምፅ አይቆጠርም። ሲያልቅ ሩዝ መቶ ስምንት፣ በቆሎ መቶ አንድ፣ የተበላሸ ስልሳ አራት ሆነ።

ወኒንግ የአኩሪ አተር ቴምፔ ሻጯን አሮጊት ምቦክ ጊየምን ከሕዝቡ ጫፍ ያዘቻቸው።

«ምቦክ፣ ወረቀቱን ዘርግተው ነው የወጉት?»

«የቱን ወረቀት?»

«የዛሬውን ነዋ!»

«ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ። ሆላንዶች ዘርግተው ነው እንዴ የሚወጉት?»

በዙሪያቸው የነበሩት ሴቶች አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

«ተሳስተው ነው ወይስ አውቀው?»

«ኧረ ተይኝ! አባትሽ ጎረቤቴ፣ ሳርጂማን ጎረቤቴ። ሁለቱም ከፊቴ ቁጭ ብለው እያዩኝ የማንን ፊት ላጥቁር?»

«እንግዲያው አውቀው ነው!»

«ዓይኔ ደክሟል አልኩሽ እኮ።»

ወኒንግ ግራ ተጋብታ ቆመች። የስልሳ አራት ሰው ዓይን በአንድ ቀን ይደክማል? ወይስ ስልሳ አራት ሰው ሳይመካከር አንድ ነገር ያስባል? አውቀው ከሆነ አባቷ አልተጠሉም፤ ተሳስተው ከሆነ ምናልባት አሸንፈው ነበር። የትኛው እንደሚሻል እንኳ አልታወቃት አለ።

አባቷ የሳርጂማንን እጅ ጨብጠው፣ የበቆሎውን እሸት አውርደው ትከሻቸው ላይ አድርገው መጡ። ከኋላቸው አንዱ «አይዞዎት፣ ለራት ይሆናል!» ብሎ ቀለደ። እሳቸውም ሳቁ፤ ጆሯቸው ግን ቀልቷል።

«መጠይቅሽ ላይ» አሉ መንገድ ላይ፣ «‘ሁለቱንም’ የሚል ሳጥን ነበር?»

«አልነበረም፣ አባዬ።»

ቤት ሲደርሱ አባቷ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

እናቷ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ የመድረኩን በቆሎ ትፈለፍላለች። ሐምራዊ ጣቷ በቢጫው ፍሬ መሃል ይታያል። ሳርጂማን ያደጉት በእሷ ጀርባ ላይ ነው።

«እማዬ» አለች ወኒንግ፣ «ወረቀቱን ዘርግተሽ ነበር?»

እናቷ ቀና ሳትል «ኢንጊህ» አለቻት።

ይህን ቃል እናት ላደገች ልጇ አትለውም። ለሹም ይባላል፣ ለእንግዳ ይባላል፣ ገና አፉን ለሚፈታ ሕፃንም ትሕትና ለማስተማር ይባላል። ወኒንግ ከሦስቱ የትኛዋ እንደሆነች ለመጠየቅ አፏን ከፈተች። መልሱ ያው ቃል እንዳይሆን ፈራችና አንድ እሸት አንስታ መፈልፈል ጀመረች።