ድምፅ የሌላት መኪና

አርኔል ፓንሲት የሚሉት ፓስታ የሞላ ሳህን ይዞ ከወጥ ቤት ሲወጣ አንዲት የማያውቃት ሴት ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«አንተ ነህ አይደል፣ የነጯ መኪና ባለቤት?»

ሳህኑ ከእጁ ሊያመልጥ ትንሽ ቀረው። ቤቱ በለቀስተኛ ጢም ብሏል። ሁሉም ኩያ፣ ታላቅ ወንድም፣ የሚሉት የሟቹ የሴልሶ ፎቶ በሻማዎች መሃል ተቀምጦ ጸሎት ሊጀመር ሲል ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ሳቁን የሚያፍን ይመስላል። ጋራዥ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ካርታ ይዘዋል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ነው ይላሉ፣ ተሸናፊው ሲበሳጭ ግን የማን ሐዘን እንደሆነ ይረሳቸዋል። ካርሰን ከተማ ውስጥ ፊሊፒኖ ሲሞት ወጉ ይኸው ነው፤ ዘጠኝ ቀን ይጸለያል፣ ይበላል፣ ይታማል።

ሴትዮዋ ቴሲ እባላለሁ አለችው። ከኩያ ሴልሶ ጋር በአንድ ሆቴል ትሠራለች፤ እሱ በጥገና፣ እሷ በልብስ ንጽሕና። ጠዋት ጠዋት የሚሳፈሩትም በአንድ አውቶብስ ነበር።

«በመስኮት ያሳየን ነበር እኮ፤» አለች። «መኪናህ በጎናችን ስታልፍ ‹የእህቴ ባል ነው፣ ሶኬቷን የዘረጋሁላት እኔ ነኝ› ይለናል። ሹፌሩ ሳይቀር ለይቶ ያውቅሃል። አንድ ቀን ሳትታይ ስትቀር ሴልሶ ‹ዛሬ ምን ነክቶት ይሆን?› ብሎ እስክንወርድ ሲጨነቅ ነበር።»

አርኔል ጆሮው ድረስ ጋለ። ምግቡን ላቀርብ ብሎ ጥሏት ሄደ፤ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠ በኋላም ፊቱን የሚያዞርበት ቦታ ጠፋው። ሴልሶ ያየው ነበር። በየቀኑ ያየው ነበር።

ለዓመታት አብረው ነበር የሚሄዱት። ሴልሶ ዓይኑ ደክሞበት መንዳት ካቆመ ቆይቷል፤ አርኔል ደግሞ ከሆቴሉ ብዙም በማይርቅ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ጠዋት ከበሩ ላይ ሁለቴ ጥሩምባ ነካ ሲያደርግ ሴልሶ ትኩስ ዳቦ በናፕኪን ጠቅልሎ ይወጣል። ያኔ ሴልሶ ለአርኔል ጠቃሚ ሰው ነበር። አውራ ጎዳናው ላይ በግራ በኩል የተከለለው ፈጣን መስመር ሁለት ሰውና ከዚያ በላይ ለጫነ መኪና ብቻ ነው፤ ሴልሶ አጠገቡ ከተቀመጠ የቆመውን ሰልፍ እያዩ ያልፉታል። ችግሩ ወሬው ነው። ሴልሶ ቀበቶውን ሳያስር ይጀምርና መኪናው እስኪቆም አያባራም። የልጅነቱ አውራ ዶሮዎች፣ ሆቴሉ ውስጥ የተዘጋው ቧንቧ፣ በሰርግ ላይ ዘፈን ያበላሸው የአጎት ልጅ፤ ሁሉም በየተራ ይመጣል፣ ተራቸውን ጨርሰው ደግሞ እንደ አዲስ ይመለሳሉ።

ከዚያ ሃይብሪዷ መጣች። ማታ ከግድግዳ ትሰካለች፣ ጠዋት በባትሪ ትሄዳለች፣ ባትሪው ሲያልቅ ቤንዚኗን ታነሳለች። አርኔል ለሰው ሁሉ የገዛኋት ነዳጅ ለመቆጠብ ነው ይል ነበር። እውነቱ ግን ተለጣፊው ነበር፤ የመንግሥት ተለጣፊ ያለባት እንዲህ ያለች መኪና ሹፌሯ ብቻውን ቢሆንም በፈጣኑ መስመር ትሄዳለች። ሰው መጫን አያስፈልጋትም።

ሶኬቱን የዘረጋለት ግን ሴልሶ ነው። አንድ ቅዳሜ ሙሉ ግድግዳ ሲበሳ ዋለ፤ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የበላው። ሲጨርስ በቀኝ በኩል ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወደኋላ ለጠጥ አድርጎትም ከሰኞ ጀምሮ ይቺ የኔ አልጋ ናት አለ። እሑድ ማታ አርኔል ደወለለት። ፈረቃዬን ወደ ማለዳ ቀየሩብኝ፣ በጣም ነው የማዝነው አለው። ሴልሶም አውቶብስ ሞልቶ የለ እንዴ፣ አንተ ለራስህ እንቅልፍ እዘን አለው። ማሪቪክም፣ የአርኔል ሚስት የሴልሶም ታናሽ እህት፣ አመነችው። ሌሊት በነርስነት ስለምትሠራ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚወጣ አታይም።

ከሰፈሩ የሚያስወጣው መንገድ አንድ ነው፤ በሴልሶ ደጃፍ ያልፋል። መኪናዋ በባትሪ ስትሄድ ድምፅ የላትም፤ አርኔል እንደ ሌባ ሹልክ እያለ ያልፋል። አንድ ቀን ግን መሰካት ረስቶ አደረ። ልክ ወጥ ቤቱ መስኮት ጋ ሲደርስ ሞተሩ ተነስቶ አጓራ። መስኮቱ በመብራት ደምቆ ነበር፤ ወዲያው ጠፋ። አርኔል፣ በቃ ሴልሶ ወደ አውቶብሱ እየወጣ ነው፣ አላየኝም ብሎ ደስ አለው።

ሴልሶ የሞተው በእሑድ ጠዋት ነው፣ አበባ እያጠጣ። ልቡ ነው አሉ።

የዘጠነኛውና የመጨረሻው ቀን ጸሎት ከሰዓት በኋላ ነበር። የሴልሶ ባለቤት ፔርላ ከቀናት በፊት ጀምራ አርኔልን ስትለምነው ሰንብታ ነበር። ስለ ጉዞአችሁ ተናገርልኝ፣ ከኔ ይልቅ ያወራው ካንተ ጋር ነው ብላው ነበር። አርኔል እምቢ ማለት አልቻለም። እውነቱን ቢናገር ቤተሰብ አይኖረውም፤ ቢዋሽ ደግሞ በሴልሶ ፎቶ ፊት ቆሞ ነው የሚዋሸው። ጸሎቱ ሲያበቃ ሁሉም ዞሮ አየው። ቴሲ ከኋላ ሆና ፈገግ ብላለች። ተነሳ።

«ኩያ ሴልሶ ጥሩ ሰው ነበር፤» አለ። ቀጣዩ ቃል እምቢ አለው። ማሪቪክ ያለቀሰ መስሏት ውሃ ልታመጣ ስትነሳ እሱ በሰዎቹ መሃል ተሽሎክልኮ ወደ ደጅ ወጣ።

ፔርላ ተከተለችው፣ ግን ደፉ ላይ ቆመች። በሐዘን ቀናት የቤቱ ሰው እንግዳ አይሸኝም፤ በር ድረስ እንጂ ከበር አያልፍም። እሱም ቤተሰብ ስለሆነ መውጣት አልነበረበትም።

«አቴ ፔርላ፤» አለ፣ እንደ ታላቅ እህት ሲጠራት፣ ወደ መሬት እያየ። «ፈረቃዬ አልተቀየረም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ከአውቶብሱ አይቶኝ ነው?»

«ከዚያ በፊት ነው። ያን ሞተርህ የጮኸ ለት መስኮቱ ጋ ቆሞ ዳቦ ይበላ ነበር። መብራቱን ያጠፋው እሱ ነው። ‹ምን ሆነህ ነው በጨለማ?› ስለው ‹እንዳያፍር ብዬ ነው› አለኝ። እኔ ግን ተናድጄብህ ነበር። አሁንም ንዴቴ አልወጣልኝም። እንድትናገር የለመንኩህ ለምን መሰለህ? ምን እንደምትል ልሰማ ፈልጌ ነው።»

ፔርላ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገች።

«‹ወሬ አብዝቼበት ነው› ይል ነበር። ኋላ ኋላ ማታም ራት ላይ ወሬ ቀነሰ። ወሬው ነበር እንዴ?»

ተለጣፊው ነው ማለት ይችል ነበር፣ ድካም ነው ማለት ይችል ነበር።

«አዎ፤» አለ። «ወሬው ነበር።»

ፔርላ ራሷን ነቀነቀች። ከውስጥ አንዷ ጠራቻትና ገባች።

አርኔል ወደ መኪናው ሄደ። ከኋላዋ ተንበረከከና ተለጣፊውን በጥፍሩ መላጥ ጀመረ። ፀሐይ የተጫወተበት ነገር ነው፣ እንደዋዛ አይለቅም፤ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚነሳው። ነገ ብቻውን ከቆመው ሰልፍ ውስጥ ይገባል፤ አውቶብሱም በጎኑ ይቆማል፣ እነ ቴሲም በመስኮት ያዩታል። እንዲያዩት ፈለገ። እንግዶቹ እየወጡ ነበር፤ ሸኚ ስለሌላቸው በየፊናቸው ወደ መኪናቸው ይሄዳሉ፣ እሱንም እያዩ ያልፋሉ። ጥፍሩ ተሰንጥቆ ደማ። እየመሸ ስለሆነ የተላጠውንና የቀረውን መለየት አቃተው፤ በእጁ እየዳበሰ ቀጠለ።

ከኋላው በሩ ተከፈተ። ማንም አልወጣም። የበረንዳው መብራት በራለት።