እጅ የማያደበዝዝ ካሜራ

እናቴ አሳቤያ ጆሮዋ አይሰማም። ከአክራ በላይ ኮረብታው ላይ ባለው መንደራችን እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የሚሰማውም የማይሰማውም በእጅ ያወራል። እኔም ታናሽ ወንድሜ ንቶውም አፋችንን የፈታነው በእጅ ነው። እኔ እሰማለሁ፣ እሱ አይሰማም። እሱ ታኮራዲ ከተማ ልብስ ይሰፋል፤ እኔ ኮፎሪዱዋ ከተማ አስተምራለሁ።

ዝናቡ ሊገባ ባለበት ሰሞን የእናቴ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጣቶቿ፣ ቀጥሎ አንጓዋ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ፣ “ሊዘገይ ይችላል እንጂ አይቆምም” አለኝ። ስተረጉምላት “አይቆምም” የሚለውን ዘለልኩት። እሷ ግን ፊቱን አንብባ ጨርሳ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ሰሌዳ ላይ መጻፍ እጀምርና መሃል ላይ ምን እንደምጽፍ ይጠፋኛል። ሌላው ሰው እናቱ ስትደክምበት ድምጿን ይቀዳል፤ የእኔ እናት ድምፅ እጇ ነው። በስልኬ ቀረጽኳት። መልሼ ሳየው ጣት የሚባል ነገር የለም፤ በእጇ ቦታ እንደ ጭስ የሚወዛወዝ ነገር ብቻ።

ቅዳሜ በማለዳ ትሮትሮ የምንለውን ሚኒባስ ተሳፍሬ አክራ ወረድኩ። የቪዲዮ ካሜራ የሚሸጠው ሰው ላምፕቴይ ይባላል፤ ሆዱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል።

“እህቴ፣ ለሠርግ ነው ለቀብር?”

“ለእናቴ ነው።”

“ውይ፣ ነፍሳቸውን ይማር።”

“አልሞተችም።”

“ዕድሜ ይስጣቸው እንግዲህ” አለና ሦስት ካሜራ ደረደረልኝ። “ይሄ በካሴት ነው። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ለማየት ራሱን ካሜራውን ከቴሌቪዥን ማገናኘት አለብሽ።”

“የሚያየው ወንድሜ ነው። ሌላ ከተማ ነው ያለው። ዲቪዲ ማጫወቻ አለው።”

“በቃ፣ ይቺን ያዢ። በትንሽ ዲስክ ነው የምትቀርጸው። ቀርጸሽ፣ አውጥተሽ፣ ማጫወቻው ውስጥ መክተት ነው።”

“ሦስተኛውስ?”

“እሱ በሜሞሪ ነው። ምስሉን የሚወዳደረው የለም፤ ፋይሉ ግን ከባድ ነው፣ ዓይነቱም አዲስ ስለሆነ ብዙ ኮምፒውተር አይከፍተውም። ኮምፒውተር አለሽ?”

“ትምህርት ቤት አንድ አለ። ርዕሰ መምህሩ ቆልፎበታል።”

“እንግዲያው ምን ያደክምሻል?”

በየካሜራው ፊት ጣቶቼን አፍጥኜ አንቀሳቀስኩና ምስሉን አየሁት። ላምፕቴይ አገጩን ይዞ ያየኛል።

“ምን እያልሽው ነው?”

“ስሙን እየጠየቅኩት።”

ከልቡ ሳቀ። በሦስቱም ጣቶቼ ይለያሉ፣ በሜሞሪው ግን ጥፍሬ ሳይቀር ይታያል። ቢሆንም ቸኩያለሁ፤ ባለ ዲስኳን ያዝኩ። ሲጠቀልልልኝ፣ “ከማውጣትሽ በፊት ዲስኩን መዝጋት አትርሺ፤ ካልተዘጋ ማጫወቻ አያነበውም። ካሜራው መብራት ላይ ተሰክቶ ነው የሚዘጋው፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ግን ያለው ሁሉ ይጠፋል” አለኝ። እኔ በዓይኔ የመመለሻ ትሮትሮ እየፈለግኩ ነበር።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ ደጅ ላይ ካሳቫ ስትልጥ ደረስኩ።

“ምንድን ነው እሱ?” አለች በእጇ።

“አንቺን መያዣ።”

“ሸሽቼ ነበር እንዴ?”

ያም ሆኖ እጇን ታጥባ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ስለ ስማችን እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። በመንደራችን ሁሉም ሰው የእጅ ስም አለው። የንቶው ሁለት ጣት አገጭ ስር ነው፤ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ የተሰፋበት። የእኔ ደረትን በጡጫ ሁለቴ መምታት ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ በልጅነቴ ስጠይቃት፣ “ስታድጊ” ብላኝ እዚያው ቀርቷል።

ነገረችኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል አወራች፤ መጀመሪያ ስቃለች፣ በኋላ ዓይኗን ጠርጋለች። እኔ ግን ቀይዋን መብራት፣ የባትሪውን ምልክት፣ ክርኗ ከምስሉ መውጣት አለመውጣቱን ነበር የማየው። ስትጨርስ፣ “ገባሽ?” አለችኝ።

“ገባኝ” አልኳት። በኋላ ተረጋግቼ አየዋለሁ ብዬ።

ካሜራውን ሰክቼ ዲስኩን ዝጋ አልኩት። ጠብቂ የሚል ጽሑፍ መጣ። እየጠበቅኩ ሳለ የመንደሩ መብራት በሙሉ ድርግም አለ። ሲመለስ ካሜራው ዲስኩ ላይ ምንም የለም አለኝ። አውጥቼ ከተትኩት፣ እንደገና አውጥቼ ከተትኩት። ጎረቤታችን አቶ ኦቡኦቢ ቤት ሄጄ ማጫወቻው ላይ ሞከርኩት፤ ባዶ።

ስመለስ እናቴ ፊቴን አየችው።

“ጠፋ?”

“ጠፋ። እባክሽ ድገሚልኝ።”

“አንዴ ነገርኩሽ። ‘ገባኝ’ ብለሽኛል” ብላ ወደ ካሳቫዋ ዞረች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ላምፕቴይ ገና ከበሩ ሲያየኝ፣ “ነግሬሽ ነበር” አለ።

“ነግረኸኛል። አሁን ሦስተኛውን ስጠኝ።”

“ኮምፒውተሩስ?”

“ርዕሰ መምህሩን እለምናለሁ።”

ጨምሬ ለወጥኩት። አራት እሁድ በተከታታይ ቀረጽኳት። ገበያ ላይ የተጣላችውን፣ አባታችን ሊያገባት ሲመጣ እጅ ማውራት ሳይችል አጎቷን በስህተት “ሚስቴ” ያለበትን፣ ኬንኬ ለሚባለው የበቆሎ ምግባችን ሊጡ ስንት ቀን እንደሚቦካ ተናገረች። የስሜን ነገር ሳነሳባት ግን “ሌላ ጠይቂ” ትለኛለች። የምትለውን እያየሁ ሳይሆን መንቀጥቀጡን ካለፈው እሁድ ጋር እያስተያየሁ ነበር የምቀርጸው። እሷም ሳታውቅብኝ አልቀረችም፤ አንዳንዴ እጇን ጭኗ ስር ታደርገዋለች።

የርዕሰ መምህሩ ኮምፒውተር ፋይሉን እንኳን ሊከፍት ስሙንም አላወቀው። ኮፎሪዱዋ የሠርግ ቪዲዮ የሚያባዛ አውኩ የሚባል ሰው ዘንድ ወሰድኩት።

“ቀረጻው አምስት ሰዓት ይረዝማል። ሁሉንም በአንድ ዲስክ ልክተትልሽ?” አለኝ።

“ክተተው፣ ቶሎ ብቻ።”

ዲስኩን ታኮራዲ በሚሄድ ሾፌር እጅ ላክሁት።

ረቡዕ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ከንቶው መልእክት ገባ። “እናታችን ምን ሆና ነው? ለምን ደበቅሽኝ? ትንተባተባለች። ግማሹን ቃል ትውጠዋለች።”

ተማሪዎቼን ለጎረቤት ክፍል መምህርት ትቼ ወጣሁ። ስቀርጻት ደህና ነበረች፤ እሱ ተሳስቶ ነው? ወይስ እኔ በየሳምንቱ እያየሁ ዓይኔ ለምዶት ነው? ትሮትሮው ሰው ለመሙላት በየመታጠፊያው ሲቆም፣ ወርጄ በእግሬ ብሮጥ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ እሳቱ ዳር ቆማ ሊጥ ታማስላለች።

“ዛሬ ረቡዕ ነው። ማን ሞተ?”

“ተናገሪ” አልኳት።

“ምን ልናገር?”

“የፈለግሽውን።”

አበድሽ እንዴ በሚል ዓይን አየችኝና የኦቡኦቢ ፍየል በርበሬዋን እንዴት እንደጨረሰባት ታወራልኝ ጀመር። እጇ ይንቀጠቀጣል። ቃሉ ግን አንድም አልጎደለም፤ ፍየሏ፣ በርበሬው፣ የፍየሏ ማስነጠስ ሁሉም አለ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ንቶው ያለውን ነገርኳት።

“እኔን ነው ተንተባታቢ የሚለው? እሱ እስከ አምስት ዓመቱ ‘ውሃ’ ማለት አቅቶት ‘ድመት’ ሲለኝ የኖረው?”

ማማሰያውን አስቀምጣ ባዶ እጄን አየችው።

“ዕቃሽን ትተሽ መጣሽ።”

“ቸኩዬ ነው።”

አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ሳልጠይቃት ደረቷን በጡጫዋ ሁለቴ መታች፤ ስሜን።

“ስትወለጂ አባትሽ መንገድ ላይ ነበር፤ ሾፌር ቤት አይከርምም። አልቅሰሽ ሳልሰማሽ ብትሞችብኝስ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ደረቴ ላይ አድርጌ በጨርቅ እያሰርኩሽ ተኛሁ። ስታለቅሺ ደረቴ ይመታል። ድብ፣ ድብ። ከሁሉ ሰው በፊት የሰማሁት አንቺን ነው።”

“እሁድ ለካሜራው ትደግሚዋለሽ?” አልኳት።

“አልደግመውም። ያንቺ ነው” ብላ ወደ ሊጧ ተነሳች። እስከ ዛሬም አልደገመችውም።

በማግስቱ ዲስኩ እንዲታይልኝ አውኩ ዘንድ ሄድኩ። ከፈተው። እናቴ እጇን ታነሳለች፤ እጇ ሳይወርድ ወርዶ ይገኛል። ንቶው እውነቱን ነው።

“አምስት ሰዓት አንድ ዲስክ ላይ ሲታጨቅ ምስል እየዘለለ ነው የሚገባው” አለ አውኩ። “ሠርግ ላይ ማን ያውቃል? ጨፋሪ ቢዘል መዝለሉ አይቀር።”

“እዚህ የሚዘለው ቃል ነው።”

ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። “ይቅርታ እህቴ፤ የሚያወሩ አልመሰለኝም ነበር። ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ዲስክ ላድርገው፤ አምስት ይሆናል፣ ግን ምንም አይዘልም።”

“ዋናውንም ፋይል ሳትነካው፣ ሳታሳንሰው፣ እንዳለ አስቀምጥልኝ።”

አሁን ቸኩዬ አልወጣሁም። አምስቱም አልቀው አንድ በአንድ እስካያቸው ድረስ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ፤ እግሬ ግን ዝም ብሎ አላረፈም።

ሳምንት ቆይቶ ንቶው ጻፈልኝ። “አሁን ሰማኋት። የአባባን ሦስት ጊዜ አየሁት። ግን ስትስቅ እጇ ከምስሉ ይወጣል፤ ትንሽ ራቂ።”

እሁድ ወንበሬን እስከ አጥሩ አራቅኩት። እናቴ የሰውነቷን አቀማመጥ አስተካከለች፤ ቀኝ እጇ ያን ቀን ብሶበት ነበር። ልታነሳው ሞክራ ተወችው፣ ጭኗ ላይ አስተኛችውና በግራዋ ጀመረች። ግራዋ እንደ ሕፃን ነው፤ አንዳንዱን ቃል ታስባለች፣ ትስታለች፣ ታርማለች።

“ይቺኛዋ ገና ትምህርት ላይ ናት” አለች። “ንቶው እንዳይስቅባት ንገሪው።”

እጇን እያየሁ ቀይዋን ቁልፍ ተጫንኩ።