የደፈንኩት ቀዳዳ

አናጺ ነኝ። አርባ ዓመት እንጨት ስቆርጥ ኖሬያለሁ፤ መሳቢያው ላላ፣ በሩ ተጣመመ ብሎ የተመለሰብኝ ደንበኛ የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራም ቢሆን ማን ይከለክለኛል። የምለው፣ ይህን ያህል ሙያ ያለው ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ጥፋት ያጠፋል ብላችሁ እናንተም እንድትጠይቁልኝ ነው። እኔ ራሴን ጠይቄ ጠይቄ ደክሞኛል።

ልጄ አብሮኝ ይሠራ ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከእኔ የወሰደው እጄን እንጂ ጠባዬን አይደለም፤ ዝምተኛ ነው። እሱ የገጠመውን እግር ወይም ማዕዘን፣ ምሳ ሊበላ ሲወጣ ጠብቄ አፈርሰውና እንደገና እገጥመው ነበር። ተመልሶ ሲያየው ምንም አይልም። እኔ ደግሞ ዝም ካለማ ገብቶታል እላለሁ። እናቱ «ተው አንተ ሰውዬ፣ እጁን ያፍታታበት» ስትለኝ፣ «የአናጺ ቤቱ በር ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?» ብዬ እመልስላታለሁ። ስሙ የእኔ ነው። አሁንም እዚያው አለ፤ ከሥሩ የሚሠራው ሰው ነው የጎደለው።

ባለፈው ዓመት ልጁ ከሥራ ሰዓት ውጪ አንድ ሳጥን መሥራት ጀመረ። ከአሮጌ መኪና የወጣ ትልቅ ስፒከር ከየት እንደሆነ እንጃ አግኝቶ፣ ቤዙን፣ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ፣ ሳብ ውፈር የሚሉትን ነገር ሊሠራለት ነው። ወረቀት ላይ ሣለው፣ ቁጥር በቁጥር አደረገው፣ ደመረ፣ ቀነሰ፣ ሰረዘ። ለአንዲት ሳጥን ወር ከምናምን። እኔ በዚያ ጊዜ ሦስት ቁምሳጥን አስረክቤያለሁ። «ሲያልቅ ለልጅ ልጆችህ ታወርሰዋለህ» እለው ነበር። ፈገግ ይልና ወደ ወረቀቱ ይመለሳል።

አንድ ቀን ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ሁለት ደንበኞች ቆመው ሳለ፣ የሳጥኑን የፊት ሰሌዳ አነሳሁት። ቀዳዳው ሁለት ነው። አንዱ ትልቅ፣ ለስፒከሩ። ሌላው ከታች በስተቀኝ ጥጉ ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የምታክል ክብ። ስፒከሩ አንድ፣ ቀዳዳው ሁለት።

«ይቺኛዋስ ለማን ናት? ለአይጥ?» አልኩ።

ደንበኞቹ ሳቁ። የልጄ ፊት ተለዋወጠ። «አባባ፣ እሷ እኮ...» ብሎ ሲጀምር፣ «ደግሞ እንጨት ልታስተምረኝ ነው?» አልኩት፤ ሰዎቹ የባሰ ሳቁ። የሳቀልኝ ሰው ካገኘሁ ማቆም አላውቅም፤ ይህ የቆየ በሽታዬ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ልጁ የሥራ ሽርጡን ፈታ፣ አጣጠፈ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ምሳ ሊበላ መስሎኝ ነበር።

አራት ወር ሆነው። ሌላ ከተማ ሄዶ የድምፅ ዕቃ የሚያከራይ ቤት ሥራ ያዘ። የሚደውለው ለእናቱ ነው። እሷ ስታወራ እኔ አጠገቧ ጋዜጣ ገልጬ እቀመጣለሁ፤ ያንኑ አንድ ገጽ። ልትዘጋ ስትል በእጄ ምልክት ሰላም በይው እላታለሁ። ትለዋለች። «ምን አለ?» ስላት፣ «እሺ አለ» ትለኛለች። ሁልጊዜ እሺ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ እሁድ እንደሚመጣ ነገረችኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ፣ «አልጋውንና የቀረ ዕቃውን ሊወስድ ነው» አለች።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ ምን ይቀረዋል ብለህ ነው የሚመጣው።»

ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፌ አይወጣም። አባቴም ብሎኝ አያውቅ፣ እኔም ለማንም ብዬ አላውቅ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ነው የኖርኩት። እጄ ግን ይችል ይሆናል አልኩ። ያን ሳጥን እንደኔ ሥራ፣ ከኔ ሥራም አስበልጬ ጨርሼ ብጠብቀው ይገባዋል፤ ከገባው ደግሞ ተመልሶ መምጫ ያገኛል። ተስፋዬ ሁሉ ይቺ ነበረች፤ ስድስት ቀን ነበረኝ።

የሳጥኑን ሰሌዳዎች አናጺ ቤቱ ጥግ ተሸፍነው ከቆዩበት ሸራ ሥር አወጣኋቸው። ገና አልተጣበቁም፤ እንደቆረጣቸው ናቸው። አንዱን ካንዱ ገጥሜ የማዕዘን መለኪያዬን፣ ስኳድራውን አስጠጋሁና ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ፈለግኩ። አጣሁ። ሌላውን ማዕዘን አየሁ፤ እሱም ልክ ነው። «ወይ ልጅ» አልኩ ብቻዬን። ለእሱ አብሮኝ በሠራበት ሦስት ዓመት ውስጥ ያልነገርኩትን ለስኳድራ ነገርኩት።

በሰሌዳዎቹ መሀል ስንዝር ከምናምን የሚሆን ግራጫ የፕላስቲክ ቱቦና ያ ባለቁጥሩ ወረቀት ነበሩ። ቱቦውን የቧንቧ ትራፊ ነው ብዬ ወደ ቤት ወሰድኩት። የወጥ ቤታችን ዕቃ ማጠቢያ ከሥሩ ማፍሰስ ከጀመረ ሁለት ወሩ ነበር፤ ከጫፉ ሦስት ጣት ያህል ቆርጬ ጥዬ ቀሪውን ሳስገባው ልክ ገባ። ሚስቴ ባልዲውን አንስታ «ተመስገን፣ ዛሬ ምን ታየህ?» አለችኝ። ባለቁጥሩን ወረቀት ደግሞ ኮላ ጠረግኩበት፤ ከፍቅፋቂው ጋር ተጥሎ ተቃጠለ።

ቀጥሎ ያቺ ቀዳዳ። በሷ ነው ሰው ፊት ያዋረድኩት። የልጅን ገመና የሚሸፍን አባት ነው፤ እኔ ገልጬ አሳየሁ። አሁን ግን እሸፍንለታለሁ፣ ሁለተኛም አላነሳትም አልኩ። ከዚያው እንጨት ክብ ቆርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፀጉር ፀጉር ታህል እያሸሁ፣ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሳደርጋት የምትገባ አድርጌ፣ በኮላ ደፈንኳት። ሳጥኑን ገጥሜ፣ በሞርሳ ጠፍሬ አሳድሬ፣ ለራሴ ጠረጴዛ ብዬ ዓመታት ያስቀመጥኩትን ስስ የእንጨት ልባጥ ከላይ አለበስኩት። አራት ጊዜ ቫርኒሽ፤ በየመሀሉ ማሸት። ቅዳሜ ከሰዓት ዓይኔን ጨፍኜ ቀዳዳዋ የነበረችበትን በጣቴ ፈለግኩ። አጣኋት። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

እሁድ ረፋዱ ላይ በተዋሰው ፒክአፕ መጣ፤ የሚነዳለት ጓደኛው ነው። ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል። እናቱን አቅፎ ብዙ ቆየ። ወደ እኔ ዞረና ጎንበስ ብሎ፣ «እንደምን ነዎት አባባ» አለኝ።

ከተወለደ ጀምሮ አንተ ነው የሚለኝ። እርስዎ ሲለኝ ያከበረኝ ይመስላችኋል? የማያውቁትንም ሰው እኮ እርስዎ ይሉታል።

ሳጥኑን ሳሎን መሀል አስቀምጬዋለሁ፤ ስፒከሩም ታስሮበታል። ሲያየው ቆመ። ፊቱ እንደ ልጅነቱ ተፈታ፤ አይቻለሁ፣ ማንም አላየህም ሊለኝ አይችልም። ቁጭ ብሎ ላዩን ዳሰሰው፣ ጠርዞቹን በአውራ ጣቱ ተከተለ። «ይህ ሁሉ ልባጥ...» አለ። ከዚያ እጁ ወደ ታች፣ ወደ ቀኙ ጥግ ወረደ። ጣቱ ቆመ። ትንሽ ወደ ግራ ሄደ፣ ተመለሰ።

«አታገኛትም» አልኩት እየሳቅኩ። «ስህተትህን ደፍኜልሃለሁ። ከእንግዲህ ማንም አያውቅብህም።»

የተናገረው ጓደኛው ነው። «እንዴ፣ ፖርቱስ?» አለ። አፉ የማያርፍ ልጅ ነው፤ ልክ እንደኔ። «ጋሼ፣ ቤዙ ግማሹ የሚወጣው እኮ በዚያች ቀዳዳ ነው። ስፒከሩ ወደ ኋላ የሚገፋው አየር በቱቦ ዞሮ ይወጣል። የቱቦው ርዝመት ራሱ በሚሊ ተሰልቶ ነው። ይሄ ሰውዬ ለዚህ ስሌት ስንት ቀን...»

«ተወው» አለው ልጄ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ግራጫ ቱቦ ነበር» አለ።

«ያ ግራጫው?» አለች እናቱ ከወጥ ቤት፣ ደስ ብሏት። «ዕቃ ማጠቢያው ሥር ነው እኮ የኔ ልጅ፤ አባትህ ነው የገጠመው፤ ይኸው ማፍሰስ አቆመልን።»

ጓደኛው ሊስቅ ሲል የልጄን ፊት አይቶ ዋጠው።

«እስቲ ይሞከር፣ ምናልባት...» አልኩ። ልጄ ከክፍሉ የቀረ ማጉያውን፣ አምፕሊፋየሩን አምጥቶ አገናኘ፣ ሙዚቃ ከፈተ። ድምፅ አለው። ለእኔ ጆሮ ድምፅ ነው። ጓደኛው ግን ጎንበስ ብሎ አዳመጠና፣ «ትራስ አፉ ላይ ተጭኖበት እንደሚያወራ ሰው ነው፤ ታፍኗል» አለ። ቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እንኳ አልተንቀሳቀሱም። ልጄ ነቀለው።

«አምስት ደቂቃ ስጠኝ፣ አሁን እከፍታታለሁ» ብዬ ተነሳሁ።

«አይድከሙ አባባ።»

«የምን ድካም?»

«መኪናውን በሰዓቱ መመለስ አለብን።»

አልጋውን፣ ፍራሹን፣ ሁለት ካርቶን ጫኑ። እናቱ «ሳጥኑስ?» ስትል፣ «ቦታ የለም» አለ። ቦታ ነበረ። አርባ ዓመት ዕቃ ስጭን ኖሬያለሁ፤ አልጋውን በጎኑ ቢያቆሙት የሳጥኑ ሁለት እጥፍ ይገባል። ገመዱን አቀበልኳቸው። ሊሰናበተኝ እጁን ሲዘረጋልኝ ያ ይቅርታ የሚባል ቃል መጣልኝ። አፌን ስከፍት የወጣው «ገመዱን አጥብቁት» የሚል ነው።

«እሺ» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን ተሸክሜ ወደ አናጺ ቤቴ ወሰድኩት። የደፈንኩበትን ቦታ ለማግኘት ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ስፒከሩን ፈትቼ፣ ከውስጥ በባትሪ አብርቼ ነው ያገኘሁት። ከዚያ ከሥራዎቼ ሁሉ የሚያምረውን ሥራ በድሪል በሳሁት፣ በመጋዝ ቆረጥኩት። ልባጡ ዙሪያውን ተሰነጣጠቀ። ወደ ቤት ተመልሼ ዕቃ ማጠቢያው ሥር ገባሁና ቱቦውን ነቀልኩት፤ ውሃው እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ስፋቱ በእጄ ነው። ርዝመቱ ግን የለም። ሦስት ጣት ቆርጬለታለሁ፤ ግን ጣቶቼን ምን ያህል አጥብቄ ለክቼ? ወረቀቱ አመድ ሆኗል።

«ደውዪለት» አልኳት ሚስቴን።

«ብትከፍትለት ይመጣል ብለህ ነው?»

«ልክ ከሆነ ለምን አይመጣም?»

አየችኝ። ስልኩን አንስታ ደወለች። እኔ የተነቀለውን ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ፣ ሜትሬን ዘርግቼ፣ እርሳሴን ይዤ ቆምኩ። ስለ ጤናው ጠየቀችው፣ ስለ አዲሱ ክፍል ጠየቀችው። ከወዲያ ሰዎች ሲሳሳቁ፣ የሱም ድምፅ አብሮ ሲስቅ ይሰማኛል። «አባትህ እዚህ ነው» አለች። «የቱቦው ርዝመት ስንት ነበር ይላል።»

ሳቁ ቆመ። እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ አዳመጠች። ከዚያ «እሺ የኔ ልጅ፣ ደህና ሁን» ብላ ዘጋች።

«ስንት አለ?»

«እንደፈለገ ያድርገው አለ።»

«ቁጥር አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም።»

ልጄን ልኬት ስጠይቀው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ሜትሩን አጠፍኩት። ሚስቴ ባልዲውን ፈልጋ አምጥታ ዕቃ ማጠቢያው ሥር አስቀመጠችው፤ ውሃው መንጠባጠብ ጀምሮ ነበር።