የሸነኑ መኪና አዲስ ጋዝ

አምቦ ገበያ ዳር ቆማችሁ «ያ በጋዝ ሴት የገደለው መካኒክ የት ነው?» ብትሉ ሊስትሮው ሁሉ ጋራዤን በጣቱ ያሳያችኋል። ስሜ ንዋይ ነው፤ በስሜ የሚጠራኝ ሰው ግን እየቀነሰ ነው። ፊት ለፊት ደፍሮ የሚናገረኝ የለም፤ ቁጡ መሆኔን ያውቃሉ። የሚያሙኝ ከኋላዬ ነው። እኔ ደግሞ ለሐሜት መልስ መስጠት አልችልበትም፤ ስለዚህ እንዲህ አንዴ ልናገረውና ይውጣልኝ።

መኪናው የዳዲ ነው። ዳዲ ሸነን ውስጥ እህል ይነግዳል፤ ከተማሪነታችን ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ ነበር ልበል እንጂ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ መኪኖቹን በጨረታ ሸጠና ለዳዲ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ደረሰው። መኪናው ኤሲ፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ ነበረው፤ ጋዙ ግን ድሮ አልቆ ቁልፉን የሚነካው ሰው እንኳ አልነበረም። በእኛ አገር የሚያማርሩት ብርድን እንጂ ሙቀትን አይደለም።

በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት በጥር ወር ዳዲ ጋራዤ መጣና «ኤሲውን ሥራልኝ» አለኝ።

ሳቅሁበት። «ምነው፣ አፋር ልትነግድ ነው?»

እሱ አልሳቀም። ሚስቱ ድንቅቱ አስም ያማታል። ሐኪሙ በየጊዜው አምቦ እየመጣች እንድትታይ አዟታል፤ ከሁሉ በላይ ከአቧራ ራቂ ብሏታል። ከሸነን የሚያመጣው መንገድ ደግሞ በበጋ አቧራ ብቻ ነው። መስኮት ሲከፈት አቧራው ይገባል፤ ሲዘጋ መኪናው እንደ ምድጃ ይግላል፤ ሁለቱም ያፍናታል። ልትታከም የወጣች ሴት ይበልጥ ታማ ትደርሳለች። «መስኮት ዘግቼ የምሄድበት መላ ፈልግልኝ» አለ ዳዲ። «አለዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ትሞትብኛለች።»

ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም። የዚያ ዘመን መኪኖች የሚሠሩበት የድሮ ጋዝ ሰማዩን ይጎዳል ተብሎ ከገበያ ጠፍቷል፤ ስለዚህ መኪናውን ወደ አዲሱ ጋዝ መቀየር ነበረብኝ። ሰው ጋዝ መቀየር ሲባል ላምባ መሙላት ይመስለዋል። አዲሱ ጋዝ ከድሮው ዘይት ጋር አይስማማም። ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ውስጥ ያለውን ዘይት እስከ ጠብታው አወጣሁ፤ ቱቦዎቹን አጠብሁ፤ መጋጠሚያው ላይ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች በሙሉ ቀየርሁ፤ እርጥበት የሚመጥጠውን ጣሳ በአዲስ ተካሁ። የቀረውን አየር በፓምፕ መጥጬ፣ የሚያሾልክበት እንደሌለ አይቼ ሞላሁ። ያውም ከድሮው መጠን ቀነስ አድርጌ፤ አዲሱ ሲበዛበት ማቀዝቀዙን ይተዋል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለጉራ አይደለም። ጋዙ ቱቦው ውስጥ እየዞረ ይኖራል እንጂ ወደ ሰው አፍንጫ እንደማይሄድ እንድታውቁልኝ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ድንቅቱን ከኋላ አስቀምጠን ጉደርን አልፈን ጠጠሩ ላይ ወጣን። ሐኪሙ ቅዝቃዜውም እንዳይበዛባት ስላለ ዝቅ አድርጌ ከፈትሁት፤ የአየሩንም አፍ ከፊቷ አዞርሁት። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና አቧራውን ያቦነዋል፤ እኛ መስኮት ዘግተን ከኋላው እንሄዳለን። ድንቅቱ አፏን የሸፈነችበትን ነጠላ ቀስ ብላ አወረደችው። «ንዋይ» አለችኝ፣ «ዛሬ እኮ መተንፈሴን ረሳሁት።» ዳዲ በመስታወቱ አያት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ኮራሁ፤ ምን ያስዋሸኛል።

መጋቢት ላይ የወፍጮ ሞተር ልጠግን ሸነን ሄድሁ። ጠዋት ሥራ ሳልጀምር ዳዲ መኪናውን እየነዳ መጣ። «ድንቅቱ በጣም ታማለች፣ አምቦ ልንወስዳት ነው፤ ና አብረን እንሂድ፣ መኪናው ቢያስቸግርስ» አለኝ። ዕቃዬን ጥዬ ገባሁ። ድንቅቱ ከኋላ ነበረች፤ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ይነሳል፣ ይወድቃል። የምትስበው መድኃኒት በእጇ ነው፤ አልያዘላትም። ከፊት ታላቅ ወንድሟ ኦቦ ጋሮማ ተቀምጠዋል። አባቷ ሲሞት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ይወዷታል፤ ይህን አልክድም። ጋቢ ደራርበው እስከ አንገቷ ጠቅልለዋታል።

ዳዲ መስኮቱን ሁሉ ዘጋና ኤሲውን ከፈተ። ቀዝቀዝ ያለው አየር ኦቦ ጋሮማን ፊታቸውን ሲነካቸው እንደ ተወጋ ሰው ዘለሉ።

«ምንድን ነው ይሄ? ቆራ! ብርድ እኮ ነው! ሳንባዋን ሊመታት ነው፣ አጥፋው!»

«ኦቦ ጋሮማ» አልሁ ከኋላ፣ «ለእሷ ተብሎ የተሠራ ነው። ባለፈው ሞክራው ደህና ሆናለች።»

«አንተ መኪና እወቅ። እህቴን እኔ አውቃታለሁ» አሉና እጃቸውን ሰድደው ራሳቸው አጠፉት።

ዳዲን አየሁት። የሚስት ታላቅ ወንድም አባት ማለት ነው፤ አማች ደግሞ አይመልስም። ዳዲ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት ብቻ ያያል። «ዳዲ፣ ክፈተው እንጂ!» አልሁት። «ተው ንዋይ፣ ማሎ፣ እባክህ» አለኝ፣ ዞሮ እንኳ ሳያየኝ።

ፀሐይ ወጣች። የተዘጋው መኪና ይግል ጀመር። ጋቢውን ላወልቅላት ስል ኦቦ ጋሮማ ተቆጡኝ። ድንቅቱ የእጅጌዬን ጫፍ ይዛ በዓይኗ ወደ ፊት፣ ወደዚያ ቁልፍ ትጠቁማለች። «ክፈተው እያለች ነው!» ብዬ ጮህሁ። እሳቸው መስኮት መስሏቸው በጎናቸው ያለውን ዝቅ አደረጉት። ከፊታችን የገበያ መኪና ነበር፤ አቧራው እንደ ዱቄት ገብቶ ሞላን። ድንቅቱ ማሳል ጀመረች፤ ሳሏም ትንፋሽ አጥቶ ቆመ። መስኮቱ እስኪዘጋ የሚጠጣ አቧራ እንጂ የሚተነፈስ አየር አልነበረም። ተነስቼ በዳዲ ትከሻ ላይ አልፌ ቁልፉን ልከፍት ስል ኦቦ ጋሮማ እጄን ያዙት። «ያ ዋቃዮ፣ ይሄ ሰው ሊገድላት ነው እንዴ!» አሉ። ለእሷ ሲሉ በሙሉ ጉልበታቸው ነበር የያዙኝ።

ጉደር ከመድረሳችን በፊት ጣቶቿ እጅጌዬን ለቀቁት። ሐኪም ቤት ያደረስነው ሬሳዋን ነው።

የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ ወሬው አምቦ ገባ። አዲስ ጋዝ ሞልቶላት፣ ጋዙ አፍኗት ሞተች። ማን ጀመረው ብዬ አልጠየቅሁም። ለጥገና ቀጠሮ የያዘ ሰው ቀረ፤ ሚስቴን ገበያ ላይ ሰዎች በሹክሹክታ ያሳዩአት ጀመር። እኔ ግን አልፈራሁም። ዳዲ አለ፤ መኪናው ውስጥ ነበር፤ እሱ ሲናገር ሁሉም ያበቃል አልሁ።

የነዳዲ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሸነን አስጠሩኝ። ሽማግሌዎቹ በዳዲ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኦቦ ጋሮማ ፀጉራቸውን ተላጭተው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ላንድክሩዘሩ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። የሽማግሌዎቹ ዋና ኦቦ ኢዶሳ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። በጨዋ ደንብ ወደ ዳዲ ዞሩ።

«ልጄ፣ የዚያን ቀን ያ ማቀዝቀዣ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ?»

ዳዲ ወደ መኪናው አየ። «በርቶ ነበር» አለ። «እስከ ጉደር በርቶ ነበር።»

ጆሮዬን አላመንሁትም። «ዋሸህ!» ብዬ ተነሳሁ። «አንተ ውሸታም! እኒህ ሰውዬ አይደሉም ያጠፉት? እጄን ይዘው የከለከሉኝ እሳቸው አይደሉም?»

ኦቦ ጋሮማ ቀና አላሉም። ሴቶቹ ከቤት ውስጥ እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመሩ። «ተቀመጥ» አሉኝ ኦቦ ኢዶሳ። «ሐዘንተኛ አይሰደብም። ክፋት አስበህ አደረግኸው ያለህ የለም። ይቅር ብለንሃል። ብቻ ያንን ጋዝ እዚሁ፣ በፊታችን አውጣው።»

ይቅር ብለውኛል! ጥዬ ልወጣ ነበር። ግን እምቢ ብል ሌላ ስም ይወጣልኛል። ኮፈኑን ከፍቼ የመሙያውን አፍ ስጫነው ጋዙ እየተንሿሿ ይወጣ ጀመር። ሰዉ አፍንጫውን በነጠላና በኮሌታ እየያዘ ወደ አጥሩ ሸሸ። ጣቶቼ በቅዝቃዜው ደነዘዙ። ከመኪናው አጠገብ የቀረው ዳዲ ብቻ ነው።

«ልጆቼን የሚያሳድጓቸው ኦቦ ጋሮማ ናቸው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ መንገድ ላይ ነው ኑሮዬ፤ ሌላ ዘመድ የላቸውም። እናታችሁን የገደሏት እሳቸው ናቸው ተብለው እሳቸው ቤት ይደጉ?»

«የእኔ ልጆችስ? አባታችሁ ሴት ገደለ ተብለው ይደጉ?»

ዞሮ ኦቦ ጋሮማን አየ።

የጋዙ ድምፅ እየደከመ ሄዶ ቆመ። ኮፈኑን ስዘጋ የዳዲ ትንሿ ልጅ መቲ አጠገቤ ቆማለች፤ በቀሚሷ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ። ጥቁር አልብሰዋታል።

«ጋሼ፣ አለቀ?» አለችኝ።

«አለቀ።»

«አባዬን አይገድለውም?»

ዳዲ ከኋላዬ ትንፋሹን ሲይዝ ሰማሁት። ኦቦ ጋሮማም ከአግዳሚው ላይ ቀና ብለው አዩኝ፤ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አይገድለውም» አልኋት። «አውጥቼዋለሁ።»