የሽፈራው ቀኝ ጉልበት

ሽፈራው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዱላ ሳይዝ ከደጁ ወጥቶ አያውቅም፤ በነዚያ ሠላሳ ዓመታት ግን ዱላው አንድም ቀን መሬት አልነካም። ማጅራቱ ላይ ያጋድመዋል፣ ሁለት ክንዶቹን ከላዩ ያንጠለጥላል፣ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ዱላ መደገፍ በሱ ሐሳብ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎች ጉዳይ ነው። እሱ ገና ነው። ዕድሜውን ሲጠይቁት «አርባን ያዝ አድርጌአለሁ» ይላል፤ አርባን ከያዘ ዐሥራ አራት ዓመት ማለፉን አይናገርም። ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ ካለውም ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይህንን ሚስቱ አበበች እንኳ አታውቅም፤ ሲያነክስ ካየችው ጫማውን ይሰድባል።

ጣሊያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት፣ ለጣሊያን የገቡ መስለው ለአርበኞች ወሬ የሚያቀብሉ አንድ ባላምባራስ በአንኮበር አጠገብ ነበሩ። አንድ ረቡዕ የሚያምኗቸውን ሰዎች ሰበሰቡ። ቅዳሜ በሸዋ ሮቢት ገበያ የጣሊያን ወታደር እንደሚሸምቅ ሰምተዋል። ከሮቢ ወንዝ ማዶ ጫካ ያሉት አርበኞች ደግሞ የዚያን ቀን እህልና ጨው ሊገዙ ይወርዳሉ። የሽፈራው ታናሽ ወንድም አሰፋም ከነሱ ጋር ነው። ባላምባራሱ «ማን ይሄድልኛል?» ብለው ሳይጨርሱ ሽፈራው «እኔ አለሁ» አለ። ጉልበቱን አላማከረም።

በዚያ ዘመን ወረቀት ያስገድላል፤ ቃል ብቻውን ደግሞ አይታመንም። ስለዚህ መልክተኛ የላኪውን ዱላ ለምልክት ይዞ ይሄዳል። ባላምባራሱ ሦስት የናስ ቀለበት ያለበትን የወይራ ዱላቸውን ሰጡትና «ወንድምህ እዚያ ቢኖርም አለቃው ዱላዬን ካላየ አያምንህም» አሉት። ሽፈራው ቀለበቶቹን በጭቃ ለቀለቃቸውና እንደ ልማዱ ማጅራቱ ላይ አጋደመው።

ሐሙስ ማለዳ ወደ አሊዩ አምባ የሚያወርደውን ቁልቁለት ጀመረ። ብዙም ሳይሄድ ጠጠር አንሸራተተውና በመቀመጫው ወረደ። ሲነሣ ከኋላው አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ቆመዋል። ሙሀባ ይባላሉ፤ ወደ ቅዳሜው ገበያ የሚወርዱ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ናቸው። ጀርባቸው ላይ የገብስ ከረጢት፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ቀጫጭን ዱላ ይዘዋል።

«ጌታው፣ ዱላው አንገትዎ ላይ ምን ይሠራል?» አሉት።

«አርፎ ነው» አለ ሽፈራው።

«ቁልቁለት ላይ ዱላ ነው የሚቀድም። ከበታችዎ ይትከሉት፣ ከዚያ እግር ይከተላል። ሲወርዱ ከላይ ጫፉ ይያዙ፤ ዳገት ሲሆን እጅዎን ዝቅ ያድርጉ። ቀኝ እግር ከታመመ ዱላው በግራ እጅ ነው፤ ዱላውና የታመመው እግር አብረው ይራመዳሉ።»

«ማን ታመመ አለ?»

ሙሀባ ከረጢታቸውን አስተካክለው ከኋላው መውረዳቸውን ቀጠሉ። ሽፈራው እስከ ማታ ሦስቴ ደግሞ ወደቀ፤ የመጨረሻውን ግን ዕረፍት ብሎ ነው የቆጠረው። አንድ የመንገድ ጥምዝ ላይ ማንም እንዳያየው አረጋግጦ ሙሀባ እንዳሉት ቢሞክረው ጉልበቱ ዝም አለለት። የሰው ድምፅ ሲሰማ ዱላው ተመልሶ ማጅራቱ ላይ ወጣ።

ዓርብ ሜዳው ላይ ከሸዋ ሮቢት የሚመለሱ መንገደኞች አገኙት። የሮቢ ወንዝ ድልድይ ላይ ኬላ ተተክሏል፤ ጤነኛ ወንድ ሁሉ ዱላውን እያስረከበ ያልፋል፤ የሚተውላቸው ለሽማግሌና ለአንካሳ ብቻ ነው አሉት። ሽፈራው አንካሳ መስሎ ለማለፍ ወሰነ። እግዜር የሰጠው አንካሳ እግር አለው፤ እሱን ማሳየት ግን ምስጢሩን ማውጣት መሰለው። ስለዚህ በጤነኛው፣ በግራ እግሩ አነከሰ። ዱላውንም በግራ እጁ ያዘ።

ኬላው ላይ የቆመው ባንዳ ለአፍታ አየውና «የትኛው እግርህ ነው?» አለው።

«ግራው።»

«አባቴ አንካሳ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ከኋላው ሄጃለሁ። አንካሳ እንዲህ አይሄድም፣ አንተ ውሸታም።» ዱላውን ነጥቆ ከክምሩ ላይ ወረወረው።

ሽፈራው ደነገጠ። ነገ አሰፋ ሳቅ እያለ ወደ ገበያው ሲወርድ ታየው። ሳያስበው ወደ ክምሩ ተራመደ፤ ያን ጊዜ ቀኝ ጉልበቱ ከዳውና ከባንዳው እግር ሥር ተዘረጋ።

«ቀኙ ነው ልጄ» የሚል ድምፅ ከሰልፉ መጣ። ሙሀባ ናቸው። «ትናንት ከኋላው ነበርኩ፤ አይቼዋለሁ። አፍሮ ነው እንጂ ወላሂ ቀኙ ነው።»

ባንዳው ጎንበስ አለ። «እውነት ነው?»

ሽፈራው ቀና ሲል ከሰልፉ ውስጥ ሁለት የሰፈሩን ሴቶች አየ። አበበች ሳምንት ሳይሞላ ትሰማለች ማለት ነው። «ቀኙ ነው» አለ።

«አልሰማሁም።»

«ቀኙ ነው። ሁለት ዓመቱ ነው። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ከመቀመጫዬ የምነሣው ግድግዳ ይዤ ነው። ሚስቴ አታውቅም።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ባንዳው ግን ዱላውን አንሥቶ ሰጠውና «እስቲ ሂድ» አለው። ሽፈራው ዱላውን በግራ እጁ ያዘ፤ ከቀኝ እግሩ ጋር እኩል ወደፊት ተከለውና ተደገፈው። ደግሞ ተራመደ፣ ደግሞ ተደገፈ። ሙሀባ ከኋላው «ቢስሚላሂ» ሲሉ ሰማቸው። ባንዳው ከመንገዱ ዞር አለ።

«ይለፉ፣ አባባ» አለው።

በሰፈሩ እንዲህ ብሎ የጠራውን ሰው በዱላ ያባርር ነበር። አሁን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አለ፤ ከልቡም ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጫካው ደረሰ። አለቃው ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጠርጎ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ሦስት ናቸው። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ «ነገ ገበያ የሚወርድ የለም» አለ። ዱላውንም እሱ ጋ አስቀረው። ሽፈራው ባዶ እጁን እያነከሰ ወደ አንድ ግራር ጥላ ሲሄድ አሰፋ ተከተለው።

«ጋሼ፣ ኬላው እኮ ሩቅ ነው» አለው እየሳቀ። «አሁን ማስመሰሉን ተወው።»

ሽፈራው ግንዱን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ማስመሰሉንማ ኬላው ላይ ትቼው መጣሁ» አለ። «ሂድና ሁለት ዱላ ቁረጥልኝ።»

አሰፋ ሳቁን አቆመ። የወንድሙን ጉልበት አየና «ሁለት?» አለ።

«ሁለት። አጠር ያሉ ይሁኑ፤ መመለሻዬ ዳገት ነው።»