እኩል የሚዞር ካሴት

ከሃያ ዓመት በፊት መርሳና አካባቢዋ የተዳረ ሰው፣ ሰርጉን የቀረጹለት ጋሼ ካሳሁን ናቸው። መንደሩ ግራና ቢሉ ሲሪንቃ፣ ተክሊል ቢሉ ኒካህ፣ ያንን ከባድ የካሴት ካሜራ በትከሻቸው ይዘው ያልደረሱበት ዳስ የለም። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አስተማሩኝ ስል በቁጣ ነው። «ካሜራማን በሰው ሰርግ አያለቅስም፣ አሚር። ካለቀሰ እጁ ይንቀጠቀጣል» ይሉኝ ነበር። የተንቀጠቀጠች ቦታ ካገኙ ምሕረት አያውቁም፤ የሙሽራው እናት እልል የምትልባት ብትሆን እንኳ ቆርጠው ይጥሏታል።

የገዛ ልጃቸው ፍሬሕይወት ስትዳር ግን ጋሼ ወልድያ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ጀርባቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ሐኪሙ ከአልጋ እንዳይወርዱ አዝዟል። ሰርጉ ይተላለፍ ቢባሉ እምቢ አሉ። «ድግሱ ደርሶ በእኔ ጀርባ ሰው አይጉላላም። አሚር በኢንተርኔት ያሳየኛል» ብለው ጨረሱት። እኔን የጠየቀኝ የለም።

እህታቸው እትዬ ሙሉ አጠገባቸው ሆነው ታብሌቱን ይይዙላቸዋል። እኔ በሌላ ስልክ፣ ጆሮዬ ላይ በሰካሁት ማዳመጫ አነጋግራቸዋለሁ። ምስሉ ከመርሳ ወልድያ ለመድረስ ስምንት ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ ጋሼ የሚቆጡኝ ካጠፋሁ ከስምንት ሰከንድ በኋላ ነው፤ ድሮ ወዲያው ነበር።

ማለዳ፣ ዳሱ ባዶ ሳለ ሞከርኩት። «የወንበሩ ሚስማር ሳይቀር ይታየኛል» አሉ። እኔም ኮራሁ።

ጉድ የፈላው ሙሽራው ሲመጣ ነው። ሚዜው፣ ከበሮው፣ እስክስታው አንድ ላይ ዳሱን ሞላው። ለሙስሊም እንግዶች ከተተከለው ድንኳን ጎረቤቶቹ እነ ሀስና እልልታውን አቀለጡት። ጥቂት ቆይቶ የጋሼ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ።

«አሚር፣ ሙሽራው አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ።»

ስርጭቱን በሚልከው ላፕቶፔ ላይ ሳየው እውነትም ምስሉ ደርቋል። ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ደግሞ ደረቀ።

«ልጄ ጉልበት የምትስመው መቼ ነው?»

«ጭፈራው እንዳለቀ፣ ጋሼ።»

«ያቺ ብታልፈኝስ?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። ልጅ ከአባቷ ቤት የምትወጣው ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው። የሌላውን ሰው ሁሉ ምርቃት ቀርጸው፣ የራሳቸው ሊያመልጣቸው ነው። ላፕቶፑ ላይ አፈጠጥኩ። ኔትወርኩ ያው የማለዳው ነው። ታዲያ ምን ነካው?

ጋሼ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቁት ነገር የለም። ግን ጠየቁኝ፦

«ይሄ ዕቃህ ሰው ሲጨፍር ይፈጥናል እንዴ? የእኔ ካሴት ለተቀመጠም ለሚጨፍርም እኩል ነበር የሚዞር።»

ጥፋቴ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ማሰራጫውን በተለዋዋጭ ቢትሬት፣ በየሰከንዱ የሚልከው የመረጃ መጠን ከፍ ዝቅ እንዲል ትቼዋለሁ፤ ሰው ዝም ሲል ጥቂት ይልካል፣ ጭፈራ ሲደራ ኔትወርኩ የማይችለውን ይጭንበታል። በባዶ ዳስ ሞክሮ መኩራት፣ አህያን ያለ ጭነት አይቶ እንደ መግዛት ነው። ስርጭቱን አቋረጥኩ፤ ወልድያ ላይ ጨለመ። «ቋሚ» የሚለውን መረጥኩ፦ በሰከንድ ዘጠኝ መቶ ኪሎቢት፣ ለጭፈራም ለዝምታም ያው። መልሼ ከፈትኩና ስምንት ሰከንድ ቆጠርኩ።

«መጣ!» አሉ። «ሲጨፍሩ ፊታቸው ይደበዝዛል እንጂ።»

«ይደበዝዛል ጋሼ፤ ግን አይቆምም።»

«የእኔስ ካሴት መች ጥርት ይል ነበር?» አሉና ሳቁ። ያ ሳቅ ናፍቆኝ ነበር። ስንቀርጽ ውለን፣ ሱቃቸው ገብተን ካሴቱን ወደ ኋላ ስናጠነጥን የሚስቁት ሳቅ ነው። ሱቁ ዛሬ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል።

ጭፈራው በረደ። ካሜራዬን ተሸክሜ ቀረብኩ። ፍሬሕይወት የእናቷን ጉልበት ሳመች፣ የሽማግሌዎቹን ሳመች። የጋሼ ወንበር ላይ ጋቢያቸው ብቻ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እዚያ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ዞር ብላ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች፤ ተንበርክካም ጉልበቴን ሳመች። ቀና ብላ ሌንሱን አየችው።

«አባዬ፣ መርቀኝ» አለች።

ስንት ዓመት የጸና እጄ ከዳኝ። እንባዬ መጣ፣ ዳሱ በሙሉ ተወዛወዘ። ስምንት ሰከንድ እንዳይደርስ የለም፣ ደረሰ።

«ውለጂ፣ ክበጂ፣ ልጄ...» አሉ። ማዳመጫው ያለው እኔ ጆሮ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያሉትን እየተቀበልኩ በእኔ አፍ መረቅኳት። «ውለጂ፣ ክበጂ። ከወጣሽበት የገባሽበት ይድላሽ።» ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሜን አለ።

ሙሽሮቹ ከዳሱ ሲወጡ ጋሼ ጠሩኝ።

«አሚር፣ እጅህ ተንቀጠቀጠ።»

«አጥፍቻለሁ፣ ጋሼ።»

እትዬ ሙሉ አፍንጫቸውን ሲጠርጉላቸው ይሰማኛል።

«ቅጂውን ስታመጣልኝ» አሉ፣ «ያቺን እንዳትቆርጣት።»