ከአራት በላይ

በዚያ የዓይን ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ መማል ክልክል ነበር። የከለከሉት ዋናው ሐኪም ናቸው፤ ከጽዳት ሠራተኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። «ግንባር የሆነ ዓይን ማከም አልተማርኩም» ይሉና ይስቃሉ፤ መሳቃቸው ግን ሕጉን አያላላውም።

ሌላው ሕግ ቀልድ የለበትም። የዓይን ሞራ ሲወጣ የማይክሮስኮፑ መብራት በብሌኑ በኩል ገብቶ የዓይኑን ጀርባ ይመታና ቀይ ሆኖ ይመለሳል። ያ ቀይ ፍካት ካልመጣ ሞራውን የሸፈነችው ስስ ገለፈት አትታይም፤ እሷ ካልታየች ደግሞ እጅ በጭፍን ይሄዳል። መብራቱ ከበዛም ጣጣ ነው፤ ፀሐይን ትክ ብሎ እንዳየ ሰው ታካሚው ዓይን ውስጥ ጥላ ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ ጋሼ ከዓመታት በፊት የመብራቱ ማዞሪያ ላይ፣ ቁጥር አራት ጋ፣ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው «ከዚህ ያለፈ ከእኔ ጋር ይጣላል» ብለው ነበር። ማዞሪያው ከጀርባቸው ስለሆነ ሲሠሩ አያዩትም። መብራቱ በተነካ ቁጥር ነርሷ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትናገራለች፤ እሳቸውም በጆሯቸው ያምኗታል።

ነርሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቁጥር ስትጠራ ኖራለች። ስሟን ትተው «ቆጣሪ» ነው የሚሏት። መብራት በጠፋ ቀን «ምነው ቆጣሪ፣ ምን አስቀየሙሽ?» የሚላት አይጠፋም። እሷም መልስ አይጠፋትም፤ «ሂሳባችሁን ሳትከፍሉ ነዋ!» ትላለች። በሥራዋ ግን ከማንም ጋር አትቀልድም ነበር። ነበር ነው እንግዲህ የሚባለው።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ሲገባ ነው።

«ቆጣሪ፣ ጨመር አድርጊልኝ።»

«አራት ላይ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው አምፖሉ ደክሟል። ጨምሪ።»

ጨመረች። በማግስቱ አምፖሉ ተቀየረ። አዲሱም በሳምንቱ «ደከመ»። የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛው መጥቶ በመለኪያ ለካውና፣ «አምፖሉስ ከእኔም ካንቺም የተሻለ ጤና አለው» ብሏት ሄደ።

ማይክሮስኮፑ ለተማሪ የሚሆን ሁለተኛ ማያ በጎኑ አለው። በዚያ በኩል የምታየው ወጣቷ ሐኪም፣ ጋሼ ራሳቸው ኮትኩተው ያሳደጓት፣ ሰሞኑን ዓይኗን እያጨናበሰች ራሷን ከማያው ስትመልስ ነርሷ አየቻት። ከጭንብላቸው በላይ ተያዩ፤ ወዲያው ሁለቱም አቀረቀሩ። መብራቱ ለእሷ ዓይን የሚያጥበረብር ከሆነ፣ ለጋሼ ደግሞ ጨለማ ከሆነባቸው፣ ጥፋቱ ከአምፖሉ አይደለም። ሞራው ጋሼ ዓይን ውስጥ ነው።

ማን ይንገራቸው? ሠላሳ ዓመት የሰው ሞራ ሲገፍፉ የኖሩትን ሰው «የእርስዎም ዓይን ለበሰ» ማለት፣ አባትን በሰው ፊት ልብስዎን ያውልቁ እንደ ማለት ሆነባት። ደግሞም የእናቷን ሁለት ዓይኖች ያበሩላት እሳቸው ናቸው። ይሉኝታ ምላሷን አሰረው። ማሰሩስ ባልከፋ፣ የባሰ ሠራ፦ አንድ ቀን ማዞሪያው ስድስት ላይ ሳለ «አራት» አለች። ጋሼ ደስ አላቸው። «አየሽ? በስንት ጊዜው አምፖል የሚባል አምፖል አገኘን!» አሉ። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ቁጥሩ የትም ይሁን የት፣ ቆጣሪ «አራት» ትላለች።

በስድስተኛው ሳምንት አንድ ሰዓት ሠሪ ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በአምስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

«ዶክተር፣ ዳር ዳሩ ጥርት ብሎልኛል። መኻሉ ላይ ግን ጥላ አለ። ሰዓቱን ከፍቼ ሳየው ዙሪያው አለ፣ መኻሉ የለም። ለእኔ ሥራው ያለው መኻሉ ላይ ነው።»

ጋሼ ሰውየውን ደጋግመው መረመሩት። የቀዶ ሕክምናውን መዝገብ ገለጡ። መብራት፦ አራት። በነርሷ የእጅ ጽሕፈት። ሰውየውን በደህና ቃል ሸኝተው ከወንበራቸው ሳይነሡ ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው አዩዋቸው።

«መብራቱ አራት ነበር፤ ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም» አሏት አጠገባቸው ለቆመችው ነርስ። «እጄ ነው። እጄ ሳላውቀው ከድቶኛል ቆጣሪ። የነገዋን ልጨርስና ልተወው ነው መሰለኝ።»

ነርሷ ታውቃለች፦ በዚያ ክፍል ውስጥ የሳቸውን እጅ የመሰለ እጅ የለም፤ ዝንብ ላይ ጥልፍ ይጥለፉ ቢባሉ የሚጠልፉ ናቸው። የራሷ ውሸት ጤነኛውን እጅ ወንጀለኛ አድርጎ አቆመው። ያን ምሽት እህል በአፏ አልዞረም።

የነገዋ ታካሚ ልብስ ሰፊ ናቸው። አንዱ ዓይናቸው በልጅነታቸው ጠፍቷል። የቀረው ሞራ ለብሷል። ነርሷ ጠብታ ስታደርግላቸው እጇን ለቀም አደረጉና፣ «ልጄ፣ ያለችኝ ይቺው አንዷ ናት። አደራሽን» አሏት።

«አይዞዎት እትዬ» አለች።

ተሸፈኑ። ጋሼ ተቀመጡ፣ ማይክሮስኮፑን አወረዱ። ነርሷ መብራቱን አበራች።

«ሦስት» አለች።

«ጨመር።»

«አራት።»

«አሁንም ጨመር አድርጊ፤ ቀዩ አልመጣልኝም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ዞር አድርጋው «አራት» ብላ ታልፍ ነበር። ነጩ ፕላስተር ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆመች። የሴትዮዋ አደራ ጆሮዋ ውስጥ አለ።

«አልጨምርም ጋሼ» አለች። «ከዚህ በላይ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስጨምርልዎት ነው የቆየሁት። «አራት» ያልኩዎት ሁሉ ውሸት ነው። የሰዓት ሠሪው ዕለት ስድስት ላይ ነበር። እጅዎ ምንም አልሆነም። ዓይንዎ ነው።»

ጋሼ ገና ምላጭ አላነሡም ነበር። ዓይናቸውን ከማያው አነሡ። ከዚያ ወደ ወጣቷ ሐኪም ዞሩ።

«አንቺ በአራት ቀዩ ይታይሻል?»

«በሦስትም ይታየኛል ጋሼ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«አንቺም ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

ከጨርቁ ስር ልብስ ሰፊዋ፣ «ምንድን ነው? ተበላሸ እንዴ?» አሉ።

ጋሼ ጓንታቸውን አወለቁና ወደ ሴትዮዋ ራስ ጎንበስ አሉ። «እህቴ፣ ሳይበላሽ ነው የደረስንበት። ዛሬ የእኔ ዓይን ለእርስዎ ዓይን አይበቃም። ይቺ ልጅ ትሠራልዎታለች፤ እጇን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ካልፈቀዱ ሌላ ቀን፣ ሌላ ሐኪም እንፈልጋለን።»

ሴትዮዋም መለሱ። «እኔስ ክር ማሾለክ ካቃተኝ ስንት ጊዜዬ! መርፌውን ለልጆች እየሰጠሁ አይደል? ልብሱ እስኪያልቅ ግን ከአጠገባቸው አልሄድም። እርስዎም አይሂዱ።»

አልሄዱም። የሴትዮዋን እጅ ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡ። ወጣቷ ሐኪም ሠራች። ነርሷ «ሦስት» አለች፤ ሦስትም ነበር። ሞራው ወጣ፣ ሌንሱ ገባ፣ ሴትዮዋ በማግስቱ የነርሷን ቀሚስ አይተው «ይሄን ጠርዝ ማን ነው እንዲህ ያጣመመው?» አሉ።

ያን ዕለት ግን ሥራው እንዳለቀ ጋሼ ነርሷን እጅ መታጠቢያው ጋ ጠበቋት። ይጮኻሉ ብላ ነበር። አልጮኹም፤ ያ ነው የከበዳት።

«እጄን ልጥለው ነበር እኮ» አሏት።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። እንዳይከፋዎት ብዬ...» እንባዋ ቀደማት።

«ገብቶኛል። እኔም አምፖል ስረግም የኖርኩት ዓይኔን ላለመጠርጠር ነው። መነጽሬን በዓመት ሁለት ጊዜ ስቀይር ምን እየጠበቅሁ ነበር?» ውኃውን ዘጉት። «ሰዓት ሠሪው ጋ ግን እንሄዳለን። አንቺ የዋሸሽውን ትናገሪያለሽ፣ እኔ ያስጨመርኩትን እናገራለሁ። መዝገቡም ይስተካከላል።»

ሄዱ። ሰዓት ሠሪው ተቆጣ፤ መቆጣትም ያንሰዋል። «እኔ የሰው ሰዓት ሳበላሽ «ደህና ነው» ብዬ አስሬ አልሰጥም!» አላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። በየሳምንቱ መረመሩት፤ ጥላው እየሳሳ ሄደ፣ ጨርሶ ግን አልለቀቀም። ሥራውን ቀጥሏል። ረቂቅ ረቂቁን ግን ለጓደኛው ያሳልፋል።

ጋሼ ራሳቸው ጠረጴዛው ላይ የተኙት ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ወጣቷ ሐኪም ተቀመጠች። ከጨርቁ ስር፣ «ስንት ላይ ነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ሁለት ተኩል» አለች ነርሷ።

«እውነትሽን ነው?»

«ዓይኔን ግን...» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ጨርቁ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ወጣቷ ሐኪም «ጋሼ፣ እባክዎ ዓይንዎ ይንቀሳቀስብኛል!» ብላ የገዛ አስተማሪዋን ተቆጣች።

ሁለቱም ዓይኖቻቸው ከዳኑ በኋላ ወደ ሥራ በተመለሱበት ጠዋት፣ ታካሚ ከመግባቱ በፊት ጋሼ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፉና ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጡ።

«ቆጣሪ፣ ስድስት አድርጊልኝ።»

«ጋሼ...»

«ሰው የለበትም። አድርጊው፣ ቁጥሩንም ጥሪው።»

«ስድስት» አለች።

ጋሼ ወደ ማያው ጎንበስ አሉና ወዲያው ራሳቸውን መለሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። በክንዳቸው ሸፈኑት።

«ለካ ለሰዓት ሠሪው ይህን ነው ያሳየነው» አሉ።

ነርሷ መብራቱን አጠፋችው። በሩ ተከፈተና የመጀመሪያው ታካሚ በተሽከርካሪ አልጋ ገባ፤ የፈራ ሽማግሌ ነው። አስተኝተው ሸፈኑት። ጋሼ ተቀመጡ፣ እሷም ማዞሪያውን ያዘች።

«ሁለት ተኩል» አለች፣ ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው እንኳ እስኪሰማ ድረስ።

«ይበቃል» አሉ ጋሼ። «ቀዩ መጥቷል።»